በለስ በሜሪላንድ፣ ሲሚንቶ በአዲስ አበባ

እዚህ ሜሪላንድ ነሐሴ ሲገባደድ የጓሮዬ በለስ መብሰል ይጀምራል። ፍሬው ሲበስል አንገቱን ይደፋል። ቆዳው ስስ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከታች ባለችው ቀዳዳ ማር የመሰለ ጠብታ ብቅ ትላለች። ያኔ ነው የሚቀጠፈው። ቀድሞ ከተቆረጠ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ ከንፈር ያቃጥላል። ከዛፉ ከወረደ በኋላ ደግሞ እንደ ሙዝ ቤት ተቀምጦ አይበስልም። የሱፐርማርኬት በለስ ጣዕም የሚያጣው ለዚህ ነው። መንገዱን እንዲችል ሳይበስል ይለቀማል።

ስለ ቁልቋል በለስ እያወራሁ አይደለም። የኔው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ለበሱት የሚባለው ነው። ዝርያው ቺካጎ ሃርዲ ይባላል፤ ከሲሲሊ እንደመጣ ይነገራል። ዊንተሩ ሲከፋ ግንዱ እስከ መሬት ድረስ ይደርቃል። ሥሩ ግን ደረቅ ቅጠል ከለበሰ ይተርፋል። በጸደይ አዲስ ቀንበጥ ያወጣና በዚያው ዓመት ያፈራል።

ቅርንጫፉን የሰጡኝ ጎረቤቴ፣ ወላጆቻቸው ከደቡብ ጣልያን የመጡ አዛውንት ናቸው። ኒውዮርክና ኒውጀርሲ የሰፈሩ የጣልያን ስደተኞች ለበለሳቸው የሚያደርጉለትን ስሰማ ገርሞኛል። ብርዱ ሳይገባ ቅርንጫፎቹን ሰብስበው ያስራሉ፤ በብርድ ልብስና በሸራ ይጠቀልሉታል፤ ዝናብ እንዳይገባ አናቱ ላይ ባልዲ ይደፋሉ። አንዳንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው ዛፉን አጋድመው ይቀብሩትና በጸደይ መልሰው ያቆሙታል። ይሄ ሁሉ ለጥቂት ሳምንት ፍሬ ነው። ደግሞም አይሰስቱም። ቅርንጫፍ ለጠየቀ ሁሉ ይቆርጡለታል።

የኛም ሰው እዚህ ሰነፍ አይደለም። ከዲሲ ዙሪያ ባሉ ጓሮዎች የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ይበቅላል። ጌሾ በባልዲ ተክለው ብርዱ ሲመጣ ሳሎን የሚያስገቡ እናቶች አውቃለሁ። በጣም ደስ ይለኛል።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያው እዚህ ለጌሾ ሳሎኑን የሚለቅ ሰው አዲስ አበባ ቤት ሲያሠራ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ያስነጥፈዋል። ሲሚንቶ፣ ኮብልስቶን፣ ሴራሚክ። በድሮ ሰፈሮች ኮኩ ከአጥር ውጪ ተንጠልጥሎ የሰፈር ልጅ ይጠግብ ነበር። ዘይቱን፣ ጌሾ፣ አንዳንዴም ቡና በአንድ ጠባብ ግቢ ይገኝ ነበር። ዛሬ ብዙ አዲስ ግቢ ስገባ አረንጓዴ ነገር የማየው በር ላይ የተደረደረ ማሰሮ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲመጣ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናብ ወደ መንገድ ወጥቶ ጎርፍ ይሆናል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል፣ አቧራና ጭቃ ሰው ያሰለቻል። ግን አዲስ አበባ ላይ መሬቱ ለወራት በበረዶ አይሸፈንም። ዛፍ በብርድ ልብስ መጠቅለል አያስፈልግም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ተራራ ላይ ችግኝ ይተከላል። በየቤቱ ግቢ አንድ ዛፍ ቢጨመር ደግሞ ጠዋት ማታ የሚያየው ባለቤት አለው።

የበለስ ዘመዱም ቢሆን እኛው ጋ ነው። ሾላ የበለስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ከግንዱ ላይ በዘለላ ይወጣል። ውስጡ እንደ ጥቃቅን ተርብ ያሉ ነፍሳት አይጠፋምና «ሾላ በድፍን» እንላለን። የጓሮው በለስ ግን ያለ ተርብ ስለሚያፈራ በድፍን መብላት አያስፈልግም። እጅ ላይ ለሁለት ከፍሎ ቀይ ውስጡን እያዩ መብላት ነው።

አገር ቤት የበለስ ዛፍ ያለው ሰው ካወቃችሁ ቅርንጫፍ ለምኑት። እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ይበቃል። ከግማሽ በላዩን አፈር ውስጥ ቅበሩት፤ ሥር እስኪይዝ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም በረንዳችሁ ፀሐይ ካገኘ ታችዋ በተበሳ ባልዲ ይሆንላችኋል። መሬት ላይ ከሆነ ከግድግዳና ከሴፕቲክ ታንክ አርቁት፤ ሥሩ ይሄዳል። ከውጭ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዛችሁ አትግቡ። በሽታም ተባይም አብሮ ይገባል፤ የተክል ጤና ማረጋገጫም ይጠየቃል። በለስ ካልተገኘ ኮክ ወይም ዘይቱን ትከሉ። ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይፈስ ዛሬውኑ ለኮንትራክተሩ ደውሉለት። ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ፣ በአራቱም ጎን ሁለት ሁለት ሜትር፣ አፈሩን እንዳለ ይተውላችሁ።