እርማት፦ የማዕድን ኩባንያ ዘላቂነትን የሚያስበው ካተረፈ በኋላ ነውን?

«ዘላቂነት ኩባንያው ካተረፈ በኋላ የሚያወጣው የበጎ አድራጎት ወጪ ነው» ሲሉ በአስተያየትዎ የጻፉት ብዙዎች የሚጋሩት ሐሳብ ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። ከዋነኞቹ የዘላቂነት ውሳኔዎች አንዱ የሚወሰነው ገና አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ፣ የዝቃጩ ግድብ (ማዕድኑ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ጭቃማ ቆሻሻ የሚያቁረው ግድብ) ዓይነት በሚመረጥበት ጊዜ ነው።

በብራዚል ብሩማዲንዮ በተባለ ቦታ የደረሰውን ይመልከቱ። በቫሌ ኩባንያ የብረት ማዕድን ማውጫ የነበረው ግድብ ከፍ ያለው እያንዳንዱን አዲስ እርከን ቀድሞ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ በመደረብ ሲሆን፣ ይህ ዘዴ የሚመረጠው ርካሽ በመሆኑ ነው። ግድቡን የጀመረው ሌላ ኩባንያ ነበር፤ ቫሌ እ.ኤ.አ. በ2001 ማውጫውን ሲገዛ አደጋውንም አብሮ ገዛ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በምሳ ሰዓት ግድቡ ተደርምሶ 270 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ የሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ፣ ለማመን ቢከብድም፣ ከግድቡ በታች፣ ዝቃጩ በሚወርድበት አቅጣጫ ነበር። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ 37.7 ቢሊዮን ሬያል (የብራዚል ገንዘብ) ለመክፈል ተስማማ።

አስተያየትዎ እውነት የሚይዝበት ቦታ ግን አለ፤ የተለመደው የአዋጭነት ስሌት የሩቁን ወጪ ያሳንሳል። ከ30 ዓመት በኋላ ማውጫውን ለመዝጋትና መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚያስፈልግ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ10 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ (የወደፊት ገንዘብ ዛሬ ያለውን ዋጋ ለማስላት በየዓመቱ የሚቀነስበት መጠን) ሲሰላ ዛሬ ወደ 5.7 ሚሊዮን ይወርዳል። ወጪው በሰንጠረዡ ላይ አለ፤ የወሳኙን ዓይን የሚሞላ ሆኖ አይታይም እንጂ። በርካታ መንግሥታትም የመዝጊያ ዋስትና፣ ማለትም ለመዝጊያው ወጪ መሸፈኛ የሚሆን መያዣ፣ አስቀድሞ እንዲያዝ ይጠይቃሉ።