የእጅ አንጓው ለተሰበረ ሰው ቫይታሚን ሲ ይታዘዝለት?

ተከራካሪዎቹ ባሕር ዳር የሚሠሩ አንድ ፋርማሲስትና አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናቸው።

ፋርማሲስቱ፦ ይታዘዝለት። ከባጃጅ ወድቆ አንጓው የተሰበረ ሰው ስጋቱ አጥንቱ አይገጥምም የሚል ብቻ አይደለም። ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጁ የሚያብጥ፣ የሚያቃጥለው፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ ልብስ ሲነካው የሚያስጮኸው አለ። ይህ ሕመም ወራት ሊቆይ ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የኔዘርላንድ ጥናት መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከዋጡት መካከል ከመቶ 10 ያህሉ በዚህ ሕመም እንደተያዙ፣ ቫይታሚን ሲ ከወሰዱት ግን 2 ያህሉ ብቻ እንደተያዙ አሳይቷል። የሚመከረው በቀን 500 ሚሊ ግራም ለ50 ቀን ነው። ርካሽ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ይዞት ከሚያውቅ ሰው በቀር ጉዳቱም ጥቂት ነው። ታዲያ ለምን እንከልክል?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ወንድሜ፣ ከዚያ በፊት በ1999 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቫይታሚን የወጣውን ጥናት የመራውም ያው የ2007ቱ መሪ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በስኮትላንዷ ኤድንብራ 336 ሰዎችን በዚያው መጠን፣ ለዚያው 50 ቀን ሞክረው በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጡ ከዓመት በኋላ በእጃቸው አሠራር ላይ ልዩነት አላገኙም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህም ይብሳል። ክኒኑን ሳያቋርጥ የዋጠ ሰው ጣቶቹ ደርቀው ይመጣል። ጀሶ ውስጥ ሳለ ጣቶቹን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ፣ ትከሻውን እንዲያንቀሳቅስ፣ እጁን ከልቡ ከፍ አድርጎ እንዲያሳርፍ የነገረው የለም። ወጌሻ ቀርከሃ አጥብቆ ያሰረለት ደግሞ አለ፤ እብጠቱ ደም ሲያግድ ሥጋው ይሞታል፣ እጁ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለዚያ ምን ክኒን አለው?

ፋርማሲስቱ፦ የለውም። ነገር ግን ጣት ማንቀሳቀስና ክኒን መዋጥ አይጣሉም። ያለ ቫይታሚን ሲ ሰውነት ጠንካራ ኮላጅን፣ ማለትም አጥንትንና ቆዳን አያይዞ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ አይሠራም፤ አጥንት የሚገጥመው ደግሞ በኮላጅን ላይ ነው። ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚበላ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ከዘይቱን! 100 ግራሙ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ወቅቱ ሲሆን ገበያችን ሞልቶታል።

ፋርማሲስቱ፦ ወቅቱ ሲያልፍስ? ያን ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እንግዲያው ሲመጣልዎ፣ ብልቃጡን ከመስጠትዎ በፊት ጣቶቹን ይዩልኝ። ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ማሰሪያው ሕመሙን እያባሰው ከሆነ ምንም ሳይሸጡለት አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይላኩት።