የፍሬድሪክ ቤትና የቱሉ ዲምቱ ዕጣ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ቤት ሊያይ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። እሱ፣ ባለቤቱና ሁለት ልጆቻቸው አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የሜሪላንድ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ትልቋ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል መጋራት ሰልችቷታል። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል። እነሱም እንደ ብዙዎቻችን «እስከ መቼ ለሰው ቤት እንከፍላለን?» ብለው ተነሱ። በአቅማቸው ያገኙት ቤት ፍሬድሪክ ነው፤ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን መሀል 45 ማይል ገደማ ይርቃል።

የሄድነው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል። ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ደረስን። ቤቱ ያምራል። ሦስት መኝታ፣ ሰፊ ማዕድ ቤት፣ ከኋላ ጓሮ አለው። ትንሹ ልጅ ሣሩን ሲያይ ጫማውን አውልቆ ሮጠ። እናቱ በመስኮት እያየችው እንባዋ መጣ። የሽያጭ ወኪሏ «ዲሲ እኮ ሃምሳ ደቂቃ ነው» አለችን። እውነቷን ነው፤ እሁድ ቀን ሃምሳ ደቂቃ ነው።

ስንመለስ ወዳጄን አንድ ነገር ለመንኩት። ከመፈረምህ በፊት ማክሰኞ ጠዋት መንገዱን እንሞክረው አልኩት። ሌሊት ተነስተን ሄድንና ከዚያው ቤት ደጃፍ ልክ በ12 ሰዓት ወደ ሥራው ጉዞ ጀመርን። ከፍሬድሪክ እስከ ክላርክስበርግ ያለው የ270 አውራ ጎዳና በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ገና ከመግባታችን ፊታችን ያለው ሁሉ ቀይ የፍሬን መብራት ሆነ። ትንሽ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። ወዳጄ መጀመሪያ ያወራ ነበር፤ ጀርመንታውን ስንደርስ ዝም አለ። ሥራ ቦታው እስክንደርስ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ፈጀብን። አደጋ አልነበረም፣ ዝናብ አልነበረም፤ ተራ ማክሰኞ ነበር።

ማታ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው። አሁን ካሉበት በከተማው ባቡር በሜትሮ 35 ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ ፍሬድሪክ ቢገቡ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ይጨመርበታል። በወር 20 የሥራ ቀን ቢባል 40 ሰዓት ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ማለት ነው፤ ያውም ደሞዝ የሌለው። ገንዘቡስ? የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ የተነዳ መኪናን በማይል 70 ሳንቲም ነው የተመነው። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና የመኪናው እርጅና ሁሉ ተደምሮ ነው። ደርሶ መልስ 90 ማይል በቀን 63 ዶላር፣ በወር 1,260 ዶላር ይመጣል። ወዳጄ «የኔ መኪና አሮጌ ናት፣ ያን ያህል አትበላም» አለ። እሺ፣ በግማሽ እናድርገው፤ 630 ይሆናል። እነሱ ደግሞ ርቀው በመግዛታቸው በወር እናተርፋለን ብለው ያሰቡት 700 ዶላር ነበር።

ባለቤቱ ወረቀቱን አየችና «ቤቱን አየነው እንጂ መንገዱን አላየነውም ነበር» አለች።

ይህን ማንም አይነግርህም። ባንክ ብድር ሲፈቅድ ደሞዝህንና ዕዳህን ያያል። መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደምታሳልፍ አይጠይቅህም። እዚህ አገር በቤት ሽያጭ ሥራ ያሉ ሰዎች «ብድሩ እስኪፈቀድልህ ድረስ ንዳ» የሚሉት አባባል አላቸው። ራቅ ባልክ ቁጥር ቤቱ ይረክሳል። ልዩነቱን ግን አንድ ሰው በጉልበቱና በእንቅልፉ ይከፍለዋል።

«ባቡር አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ከፍሬድሪክ ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ድረስ የሚሄድ ማርክ የሚባል ባቡር አለ። በዚያ መስመር ግን ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። በሥራ ቀንም ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት ለሚሄድ የቢሮ ሠራተኛ ተብሎ የተዘረጋ ነው። በቨርጂኒያ በኩል ወደ ማናሳስና ወደ ፍሬድሪክስበርግ የሚሄደውም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። የኛ ሰው ደግሞ ብዙው በሺፍት ነው የሚሠራው። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሥራ ለሚጨርስ፣ ቅዳሜን ለሚሠራ ሰው ያ ባቡር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ባቡሩን ከማየት በፊት የራስን ሺፍት ማየት ይበጃል። ቨርጂኒያን ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ ካውንቲው ለመኪናው ራሱ በየዓመቱ ግብር ያስከፍላል። ሁለት መኪና ላለው ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ አጫወትኳት። እሷ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ከዓመታት ጥበቃ በኋላ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ደርሷት ቱሉ ዲምቱ ገብታለች። ሥራዋ ፒያሳ ነው። እዚያ ሠፈርህን አትመርጥም። ዕጣው ሲወጣ ሳይቱም፣ ብሎኩም፣ ፎቁም አብሮ ይወጣል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በደቡብ በኩል የቆመው ቃሊቲ ላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ታክሲው ቆራርጦ ከሄደ በሁለት ሦስት ታክሲ ትደርሳለች። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ፣ ፐብሊክ ሰርቪሱ አለው፤ እሷ ግን የግል ድርጅት ውስጥ ናት።

የእሷና የወዳጄ ድካም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አየሁ። የአክስቴ ልጅ ቁልፏን ፊት ለፊቷ ላሉት ጎረቤት ትታ ነው የምትወጣው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሳቸው ምሳ ያበላሉ፣ ደብተር ያስከፍታሉ። እሷ ማታ በታክሲ እጥረት ብትዘገይ ማንም አይደነግጥም። ወዳጄ ግን ልጁን የሚያውልበት ቦታ ማታ በ12 ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በደቂቃ ነው የሚቆጠርበት። ፍሬድሪክ ቢገባ 270 ላይ አንድ መኪና በተበላሸ ቁጥር ለዘገየበት ይከፍላል፤ ልጁም ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይጠብቀዋል። ፍሬድሪክ ውስጥ ቁልፍ የሚተውለት ሰው የለም። ያንን ሰው ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ዕውቂያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ እቁቡም ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

እኔ ሠፈር ሲመረጥ ከመኝታ ክፍል ቁጥር በፊት ይህን እጠይቃለሁ። በሥራ ቀን መዘግየት ቢመጣ ልጆቹን የሚያነሳልህ ማነው? ሰዎች የትምህርት ቤቱን ነጥብ ኢንተርኔት ላይ ከአንድ እስከ አስር ያያሉ። ጥሩ ነው፤ እዚህ ልጅ የሚማረው በአድራሻው ነውና። ነገር ግን የቤት ሥራውን አብሮት የሚያይ ወላጅ መንገድ ላይ ከሆነ ያ ነጥብ ብቻውን ምን ያደርጋል?

የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «ለመሆኑ እናንተ ጋ ሠፈሩን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ መምረጥ እየቻሉ ለምን የኔን መንገድ ይመርጣሉ?»

ጥያቄዋን ለወዳጄና ለባለቤቱ ነገርኳቸው። በዚህ ሳምንት ጌይተርስበርግ አንድ ታውንሃውስ ሊያዩ ሄደዋል። ያረጀ ነው፤ ጓሮው ከምንጣፍ አይበልጥም። ሬድ ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር መጨረሻ የሆነው ሼዲ ግሮቭ ጣቢያ ግን በቅርብ አለ፤ ሜትሮውም ቅዳሜና እሁድ ይሠራል። የሽያጭ ወኪሉ እሁድን ቢያቀርብላቸው እነሱ ረቡዕን መረጡ። ከሥራ በወጡበት ሰዓት፣ ከዲሲ ተነስተው፣ ልጆቹን ከየቦታቸው እያነሱ ነው የሄዱት። ትልቋ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሰዓት እንድትይዝ ተነግሯት ነበር።