ላምባ ያነገቡ ጀግኖች

ሰፈራችን ጀግና አጥቶ አያውቅም። ይህን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እሑድ ጠዋት እኛ ሰፈር መገኘት ነበረበት። ከአንድ ጎረቤታችን አጥር በላይ በተንጠለጠለ የዘይቱን ቅርንጫፍ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ። ከሩቅ ሲያዩት የባሕታዊ ጺም ይመስላል። ማንንም አልነካም፤ ማንንም አላሳደደም። በሰፈሩ አስተዋዮች ዘንድ ጥርጣሬ ያሳደረውም ይኸው ዝምታው ነበር።

ወዲያው የጦር ምክር ተቀመጠ። የመንገዱን ጎርፍ ለማስቀየስ ሦስት ዓመት ተሰብስበን ያልተስማማን ሰዎች በአምስት ደቂቃ ተስማማን። ባለ ጋራዡ ያረጀ ጎማ እያንከባለለ መጣ። ለቀብር እንኳ ዱቤ የማይሰጠው ባለ ሱቅ አንድ ሊትር ላምባ በነጻ አወጣ። ከአንዱ ቤት ፍሊት፣ ከሌላው ቤት ከሰል ላይ የሚነሰነስ በርበሬ ቀረበ። ሕፃናት ድንጋይ እንዲወረውሩ ተፈቀደላቸው፤ አባቶቻቸውም ከበር ኋላ ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ!» እያሉ ያርሟቸው ነበር። እኔም ከመስኮት ጀርባ በስልኬ በመቅረጽ የበኩሌን ተወጥቻለሁ።

በመካከሉ አንድ እንቅፋት ገጠመን። የማዶው ግቢ ዘበኛ፣ ከዳሞት የመጡ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቀረቡና፦

«ልጆቼ፣ እሷ እኮ መንገደኛ ናት። ቤት የላት፣ ልጅ የላት፣ የምትጠብቀው ማር የላት፤ ለምን ብላ ትናደፋለች? እስኪመሽ ተዉልኝና በቀፎ ላውርዳት» አሉ።

እንዲህ ዓይነት ንግግር የሕዝብን ሞራል ይገድላል። በዚያ ላይ እውነት ነው። ቀፎ ሲጠብባቸው አሮጊቷ አውራ ግማሽ ያህሉን ሠራዊት አስከትላ ትወጣለች። ሠራተኞቹ ለመንገድ ስንቅ የሚሆን ማር በሆዳቸው ሞልተው፣ አውራዋን መሐል አድርገው ቅርንጫፍ ላይ ይጠቀለላሉ፤ ቃፊሮቻቸው ቤት ፈልገው እስኪመለሱም ይጠብቃሉ። ጥቂት ሰዓት፣ ሲበዛ ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ራሳቸው ይሄዳሉ። ንብ ከዚህ ጊዜ ይበልጥ ገራም የምትሆንበት ወቅት የለም። ሽማግሌው የጠየቁን ካርቶን፣ ነጭ ነጠላ፣ የሚጤስ ኩበትና የምሽት ጨለማ ብቻ ነበር። ሁሉም በየቤቱ ያለ፣ ገንዘብ የማይወጣበት ነገር ስለ ሆነ ማንም አላመናቸው። በትግራይ የንብ መንጋ ገበያ ወጥቶ እንደ በግና ፍየል እንደሚሸጥ የነገረን ሰው ቢኖርም አንሰማውም ነበር፤ ጀግና ሒሳብ አይሠራም።

ጎማው ተለኮሰ። የመጀመሪያው ድንጋይ መንጋውን ስቶ የጎረቤትን መስኮት አገኘ፤ ሁለተኛው መንጋውን አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ለታሪክ ጸሐፊ የሚተው ነው። የእኛ አገር ንብ እንደ ሆነ ከተቆጣች ቀልድ አታውቅም። ባለ ጋራዡ ፊቱ ላይ ያረፈችውን በጥፊ ደቆሳት። የተደቆሰች ንብም ሆነች በቆዳ ላይ የቀረ መንደፊያ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይለቃሉ፤ ትርጉሙም ለእኅቶቿ «ጠላት እዚህ አለ፣ ድረሱ» ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥፊ የጥሪ ወረቀት ነበር፤ ባለ ጋራዡም በደቂቃ ውስጥ በርካታ ወረቀት በተነ። ለጦርነቱ ያልተመለመሉም ተካፈሉ፦ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ፤ ደጅ የታሰረው በግ ግን ገመዱን የሚፈታለት ስላልነበረ እዚያው ቀረ። ማታ ከዘይቱኑ ሥር የንብ ሬሳ በአካፋ ተጠረገ። ድሉ የእኛ ነበር።

ይህን ያየ የውጭ አገር ሰው ንብ የማንወድ መስሎት ይሳሳት ይሆናል። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። በስሟ ባንክ ከፍተናል። በ1997 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክቱ አድርጓት በየግድግዳው ተለጥፋ ነበር፤ ያኔ ላምባ ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡት፣ እናቱም ንግሥናውን ንቦች ዐወቁለት ብላ ስም እንዳወጣችለት ለልጆቻችን እንተርካለን። እንኳንም እኛ ሰፈር አልተወለደ! ዛሬ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለእንግዳ የምናሳየው፣ ያኔ በላስታ ላምባ ስላልነበረ ነው።

ከጀግኖቻችን መካከል ግን ለብቻው ሊወደስ የሚገባው ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ ነው። እሱ ጦርነቱን ያካሄደው በቤቱ ውስጥ ነው። ኮርኒሱ ውስጥ ንብ ገብታ ወራት ከተቀመጠች በኋላ መርዝ ነፋባት፤ ቀዳዳውንም በሲሚንቶ ደፈነ። ሥራው ንጹሕ ነበር። የተረሳችው ትንሽ ነገር፣ እንጀራ ማሩን በክንፏ እያራገበች የምታቀዘቅዘው እሷ መሆኗ ናት። ሙቀት ሲመጣ ሰሙ ላላ፤ ማሩም በኮርኒሱ ጠብ ጠብ እያለ ሶፋው ላይ ወረደ። ጉንዳን መጣ፣ አይጥ መጣ፣ የሞተው እጭ ሸተተ። መጽሐፍ ወተትና ማር ስለምታፈስስ ምድር ይናገራል፤ የጎረቤቴ ሳሎን ወተቱ ብቻ ነው የጎደለው። ንብ የሚያውቅ ሰው ቢጠራ፣ መጀመሪያ ንቧን ወደ ቀፎ፣ ቀጥሎ እንጀራውን በሙሉ ያወጣና ቀዳዳውን መጨረሻ ላይ ይደፍን ነበር። እንዲያ ቢሆን ግን ጎረቤቴ በዓመቱ ሌላ ድል ባላገኘ፦ የድሮው ሰም ሽታ አዲስ መንጋ ጠርቶለት፣ በሌላ ስንጥቅ ገብታለታለች። ሰሞኑን መርዙን እየገዛ ነው።

ባለ ጋራዡ ደግሞ ከድሉ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ዓይኑ እንዳበጠ፣ የጎማው ጭስ የዘጋውን ጉሮሮውን ሊያለሰልስ ማር ሊገዛ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። በጣቱ ነካ፤ ቀመሰ፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ፤ በክብሪት እንጨት አንጠበጠበ። «ስኳር አለበት፤ የንብ ስለ መሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?» አለ። ነጋዴው ሳይናደድ ባልዲውን ዘንበል አደረገለት። ማሩ ላይ አንዲት ንብ ክንፏን አጥፋ፣ ደርቃ ተጣብቃለች።

«አሁን አመንኩ» አለ ባለ ጋራዡ፤ «ሁለት ኪሎ መዝንልኝ።»