እርማት፦ «ካልከሳች አልታመመችም» የሚለው ልክ አይደለም

እህቴ፣ ስለ እህትሽ ልጅ «ሰውነቷ ደህና ነው፣ ምን የአመጋገብ ሕመም አለባት?» ብለሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄው ነው።

ቡሊሚያ የሚባል ሕመም አለ። ሰው መቆጣጠር አቅቶት በአንዴ ብዙ ይበላል፣ ከዚያ ያስመልሳል። አብዛኞቹ ሲታዩ አይከሱም። ታማሚዋ ከማዕድ ተነስታ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ትገባለች። የማስመለሱ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧው ተከፍቶ ይቆያል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጄራልድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1979 ሕመሙን ሲገልጹ አንድ ምልክት ጽፈዋል፦ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ጥርስ እየፋቀው የጣት መገጣጠሚያና የእጅ ጀርባ ላይ የሚቀር ጠባሳ።

ደጋግሞ ማስመለስ የጥርስን ሽፋን ይበላል፣ ፖታሲየም የሚባለውን የደም ማዕድን ያወርዳል። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ሊገድልም ይችላል። ሚዛን ይህን አያሳይም፣ የደም ምርመራ ግን ያሳያል።

«ተይው በቃ» ማለት አይፈውሳትም። ሰዓቱን የጠበቀ ምግብና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚደረግ ሕክምና ግን ብዙዎችን አድነዋል። እስከዚያው «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» የምንለውን ሰላምታ ለእሷ እንተወው። ሐኪም ጋ ስትሄድ አብረሻት ሂጂ።