ውዳሴ ለምራቅ ጠብታ

ባለፈው ሳምንት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለተፈጸመና ገዳዩ እስከ ዛሬ ስላልታወቀ አንድ ግድያ ሲወራ፣ ከመካከላችን አንዱ ቀና ብሎ «ታዲያ ዲኤንኤ አያዩም እንዴ?» አለና መዝገቡን በአራት ቃላት ዘጋው። ይህን ዓይነቱን ሊቅ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ እርሱ ነው። መርማሪዎች ዓመታት ሙሉ አቧራ እየቃሙ ያገላበጡትን ዶሴ ሳይገልጥ የሚፈታ ሰው በመካከላችን እያለ ዝም ማለት ንፉግነት ስለሆነ፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት እርሱን ለማመስገን ነው።

በሊቃችን እምነት የሰው ልጅ ሁሉ ስሙና አድራሻው በየሕዋሱ ባለው የዘር ውርስ ንጥረ ነገር፣ በዲኤንኤው፣ ላይ ተጽፎለት ይወለዳል። ስለዚህ ከወንጀሉ ስፍራ አንዲት ጠብታ ምራቅ ትነሣለች፤ ላቦራቶሪ ትገባለች፤ መሣሪያው ጥቂት ያጉረመርማል፤ ከዚያም የገዳዩ ፎቶግራፍ ከነስልክ ቁጥሩ ይወጣል። ከመሣሪያው የሚወጣው የቁጥሮች ረድፍ ብቻ መሆኑን፣ ያም ረድፍ የሚነጻጸርበት ሌላ ረድፍ እስካልተገኘ ድረስ የማንም አለመሆኑን መናገር ለእርሱ ጨዋታ ማበላሸት ነው። በካሊፎርኒያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲደፍርና ሲገድል የኖረ አንድ ሰው ነበር። በሰሜንና በደቡብ የተፈጸሙት ወንጀሎች የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን በ2001 ያረጋገጠው ዲኤንኤ ነው፤ የዚያ እጅ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ለአሥራ ሰባት ዓመታት አልተናገረም። በመጨረሻ ሰውየው በ2018 የተያዘው፣ መርማሪዎች የዘር ሐረግ ፈላጊዎች መረጃቸውን በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ የሩቅ ዘመዶቹን አግኝተው፣ ከቅድመ አያት በላይ ድረስ የትውልድ ሐረግ ስለው፣ ከዚያ ሁሉ ዘር መካከል በዕድሜና በመኖሪያ እያጣሩ ከቀነሱ በኋላ፣ ተከታትለው ከመኪናው በር እጀታ ናሙና ስለወሰዱ ነው። ሊቃችን ይህን ሁሉ ልፋት አዳምጦ «አላልኳችሁም? ዲኤንኤ ያዘው!» ይላል።

እኔ ግን ከዚህ እምነት ቅዱሳን ሁሉ አስበልጬ የምወዳት አንዲት ጀርመናዊት አለች። በ2007 ሃይልብሮን በተባለች ከተማ አንዲት ፖሊስ ተተኩሶባት ሞተች፤ ባልደረባዋም ክፉኛ ቆሰለ። ከመኪናቸው ላይ የተነሣው ናሙና ሲመረመር የአንዲት ሴት ሆኖ ተገኘ፤ ያቺው ሴት በ1993 አንዲት አሮጊት በተገደሉበት ስፍራም ነበረች። እንግዲህ ይህቺን ሴት አድንቁልኝ! በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ አርባ በሚጠጉ የወንጀል ስፍራዎች ተገኝታለች። ስትገድል ቆይታ ሲሰለቻት ተጎታች ቤት ሰብራ ገብታ ብስኩት ነክሳ ትወጣለች፤ ብስኩቱን ጨርሳ እንኳ አትበላም። በሄሮይን መርፌ ላይ አለች፤ ዕድሜ አይጫናት፣ ድንበር አያግዳት፤ ነፍስ ግድያና ተራ ስርቆት ለእርሷ እኩል ናቸው። ያየኋት የሚል አስተማማኝ ምስክር አልተገኘም፤ ይህም ብልጠቷን ይመሰክራል እንጂ አለመኖሯን ማን ሊጠረጥር? የ300,000 ዩሮ ወሮታ ተመደበላት። በ2009 ግን የአንድን ወንድ ማንነት ለማረጋገጥ ከአሮጌ የጣት አሻራው ላይ ናሙና ቢወሰድ፣ ያቺው ሴት ብቅ አለች። እንግዲህ ወይ ሰውየው ሴት ነበረ፣ ወይ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የተበላሸው ናሙና የሚወሰድበት ጥጥ ነበር፤ ሴትየዋ ጥጡ በሚታሸግበት ፋብሪካ የምትሠራ፣ በማንም ላይ እጇን ያላነሣች ሠራተኛ ነበረች። ጥጡ ከተሕዋስያን ነጽቷል፤ ነገር ግን ጀርም የሚገድለው ሂደት ዲኤንኤን የግድ አያጠፋም። የፖሊሷን ገዳዮች በ2011 ያጋለጠው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የሁለቱ ፖሊሶች ሽጉጦች፣ ሁለት ኒዮ ናዚዎች (የሂትለር አስተሳሰብ ተከታዮች) በሞቱበት የተቃጠለ የመኪና ቤት ውስጥ ተገኙ።

ነገሩ ገና ከጅምሩ እንዲህ ነበር። ዲኤንኤ በእንግሊዝ ሌስተርሺር ለመጀመሪያ ጊዜ በነፍስ ግድያ ምርመራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ የሠራው መልካም ሥራ ወንጀሉን አምኖ የነበረን አንድ የ17 ዓመት ወጣት ነጻ ማውጣቱ ነው፤ ለዚህ ያለ ምፀት አመሰግነዋለሁ። ከዚያ 5,000 ያህል ወንዶች ናሙና ሰጡ፤ ገዳዩ አልተገኘም፤ ለካስ በእርሱ ስም ደም የሰጠለት የሥራ ባልደረባው ኖሯል። ባልደረባው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ ተናገረ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የሰማች ሴት ለፖሊስ አደረሰችና ሰውየው በ1987 ተያዘ። የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ታላቅ ድል በሰው ጆሮ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ከአፌ ይጠፋል። በ2012 በካሊፎርኒያ አንድ ሰው፣ የእርሱ ዲኤንኤ በሟች ጥፍር ሥር ስለተገኘ ብቻ በነፍስ ግድያ ተከሶ ለወራት ታስሯል፤ በዚያች ሌሊት ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ዲኤንኤውን ወደ ሟች ያሻገረው ሁለቱንም በተራ የረዳው የአምቡላንስ ቡድን ነው። ምራቅ የማን እንደሆነ ይነግራል፤ መቼ እንደ ደረሰ፣ በማን እጅ እንደ ደረሰ፣ ባለቤቱ ምን እንዳደረገ አይነግርም፤ ተጠርጣሪው በዚያ ቤት ሲገባ ሲወጣ የኖረ ዘመድ ከሆነማ የሚነግረው ነገር እጅግ ያንሳል። የቆዩ መዝገቦች የሚሞቱትም መሣሪያ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስ በላስቲክ ታስሮ ይሻግታል፤ ቢሮ ሲዛወር ካርቶኑ ይጣላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሊጠየቅ የሚገባው ጎረቤት ሳይጠየቅ ይሞታል። ያንን ካርቶን የጣለ ሰው ደመወዙን እየበላ ጡረታ ይወጣል፣ የሟች እናት ደግሞ ደጅ ስትጠና ታረጃለች፤ «ቴክኖሎጂው ሲሻሻል እናየዋለን» የሚል መልስ በተሰጣት ቁጥር፣ ያ መልስ ለማን መሸሸጊያ እንደሆነ ሊቃችን አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

ይሁንና በምስጋና እንደ ጀመርኩ በምስጋና ልጨርስ። ያን ዕለት የጀርመናዊቷን ታሪክ ከነጥጡ፣ ከነብስኩቱ ለወዳጃችን ዘርዝሬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ጥቂትም ተከዘ፤ ከዚያ እውነተኛ ጉጉት በተሞላ ድምፅ «እና ያቺን የፋብሪካ ሠራተኛ ያዟት?» ብሎ ጠየቀኝ።