ኧረ ወንበር!

እኔ የምለው፣ ሙዚየም የሚሠሩ ሰዎች ጉልበት የላቸውም እንዴ?

ዕረፍት ወጥቼ ነው። አስቡት፣ "ዕረፍት" ብዬ! ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት አራት ቀን። አንዷን ቀን ለከተማው ትልቁ የሥዕል ሙዚየምና ለጥንታዊ ሕንፃዎቹ ሰጠኋት። የሙዚየሙን ስም አልጠራም። ሁሉም አንድ ስለሆኑ እሱን ብቻ ማማት ግፍ ነው።

መጀመሪያ ሰልፍ፣ ቆሞ። ከዚያ ፍተሻ፣ ቆሞ። ከዚያ ቦርሳ ማስረከቢያ፣ እሱም ቆሞ። አንዲት ሥዕል ሳላይ እግሬ አለቀ።

ሦስተኛው አዳራሽ ላይ ወገቤ ማጉረምረም ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ጮኸ። ዞር ዞር ብዬ ባይ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ግድግዳውን ልደገፍ ስል ጥበቃው ጣቱን አወዛወዘብኝ። አልፈረድኩበትም፣ ምስኪን እሱም ቆሞ ነው የሚውለው።

ቀጣዩ ክፍል ስገባ ግን ወንበር አየሁ! ቀይ ሐር የለበሰ፣ ክንዱ ወርቅ የተቀባ፣ መቀመጫው ድልድል ያለ። አቤት ደስታዬ! ጠጋ ስል ከክንድ ወደ ክንድ ገመድ ተወጥሮበታል። 18ኛው ክፍለ ዘመን ይላል። በቃ፣ ያለው አንድ ወንበር እሱም ቅርስ ሆኖ አረፈው። ባለቤቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ወንበሩ ግን እስከ ዛሬ ለእሱ ተይዟል።

መግለጫው ደግሞ የት ነው የተለጠፈው? ከጉልበቴ በታች። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። ጎንበስ ስል ጥላዬ ጋረደው። ወደ ግራ ስል መስታወቱ አንጸባርቆ የራሴን አፍንጫ አሳየኝ። ቁጢጥ አልኩ። መቀመጡስ ቀላል ነበር፣ መነሳቱ ነው ጉዱ።

ብሶቱ ደግሞ የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቦስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 "የሙዚየም ድካም" ብሎ ጽፎበታል። አንድ ሰውዬ ዕቃ ለማየትና ጽሑፍ ለማንበብ ሲጎብጥና ሲጣመም በፎቶ አሳይቷል። መቶ ዓመት አለፈ እኮ! በሰውዬውና በኔ መሀል ያለው ልዩነት እሱ ለጥናት መጉበጡ፣ እኔ ከፍዬ መጉበጤ ነው።

ከዚያ "ጎብኚ ሥዕል አያይም፣ ዝም ብሎ ያልፋል" ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ሰው አንድ ሥራ ፊት በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው አለ። ታዲያ ስንት እንቁም? አግዳሚ ስጡኝና አንዷን ሥዕል ግማሽ ሰዓት አፍጥጬ ካላየኋት ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

ከሰዓት ወደ ካቴድራሉ ሄድኩ። እድሳት ላይ ነው! ፊቱ በሙሉ በብረት መወጣጫ ታጥሮ ትልቅ ሸራ ወርዶበታል። ሸራው ላይ ምን ቢታተም ጥሩ ነው? የራሱ የካቴድራሉ ፎቶ። ፎቶውንማ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አይቼው ነበር! መታደሱን አልቃወምም። ድንጋይም ዝናብና ጭስ ይበላዋል። ጀርመን አገር ያለው የኮሎኝ ካቴድራል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው፣ 632 ዓመት! የሕንፃ ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን ድረ ገጹ ላይ አንዲት መስመር ብትጽፉልን ምን አለበት?

ተስፋ ቆርጬ ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ። ወዲያው ፊሽካ። "እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው!" ሮም ውስጥ ስፓኒሽ ስቴፕስ የሚባለው ታዋቂ ደረጃ ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንደሚያስቀጣ ስሰማ ስቄ ነበር። የሳቅኩበት መጣብኝ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የቀኑን ፎቶዎች ከፈትኩ። ሥዕሎቹ ሁሉ ብዥ ብለዋል። ጥርት ብሎ የወጣው ያ ቀይ ወንበር ብቻ ነው።